ልጆች እስከተጫወቱበት ድረስ

የራግቢ ክለባችን ባለቤት ሚስተር ዊክስቲድ የታችኛውን ሜዳ ለደጋፊዎች ማኅበር እሰጣለሁ ብሎ የውሉን ወረቀት የላከ ቀን፣ ሊቀመንበራችን ትሬቨር ባራክላፍ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የስብሰባ ክፍሉን መስኮት መዝጋት ነበር። ቀጥሎ መጋረጃውን ጋረደ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ አምፖሉ አንሥቶ፣ ባለሱቅ የጠረጠረውን የገንዘብ ኖት እንደሚያየው ከፊትም ከኋላም አየው።

«በነፃ» አለ።

«በአንድ ፓውንድ» አልኩ። ጸሐፊ ስለሆንኩ ማስተካከል ነበረብኝ።

«አንድ ፓውንድ ለምን አስፈለገ?»

«ለሕጉ ይመስለኛል። ዋጋ ከሌለው ውል አይባልም።»

«ይመስላታል!» አለ ወደ ሌሎቹ ዞሮ። «ሰውዬው ሜዳ በአንድ ፓውንድ ይሰጠናል። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ግቢ ውስጥ አንድ የሥጋ ፓይ በአራት ፓውንድ ሸጦልኛል። ያውም ሥጋውን ስፈልግ ነው ጨዋታው ያለቀው።»

ሁሉም ሳቁ። መጋረጃውን ክፈተው ያለ ግን አልነበረም።

በሰሜን እንግሊዝ ባለችው ከተማችን በሆልምሮይድ መጠርጠር እንደ ነውር አይቆጠርም፤ እንደ ንጽሕና ነው የሚቆጠረው። ልጅ ሆነን የምንማረው አባባል «ሁሉን ስማ፣ ሁሉን እይ፣ አንዳች አትናገር፤ በነፃ የምትሠራው ነገር ካለም ለራስህ ሥራው» ይላል። ዊክስቲድ ደግሞ የደቡብ ሰው ነው። ሀብቱን ያፈራው በማቀዝቀዣ መኪናዎች ነው፤ ያደገውም አሥራ አምስት ሆነው የሚጫወቱትን ራግቢ እያየ ነው። የእኛ አሥራ ሦስት ነው። ሁለቱ የተለያዩት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ነበር። የእኛ ተጫዋቾች የሸማኔና የከሰል ቆፋሪ ልጆች ስለነበሩ፣ ለጨዋታ ብለው የቀሩበት የሥራ ቀን እንዲከፈላቸው ጠየቁ፤ የደቡብ ጌቶች እምቢ አሉ። ሌላ ቦታ ይህ ታሪክ ይባላል። እኛ ዘንድ ባለፈው ማክሰኞ የተሰደብነው ስድብ ነው።

ትሬቨር ሰባ አራት ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ የፊት መስመር ተጫዋች ስለነበር ሁለቱም ጆሮዎቹ እንደ ተጨማደደ ወረቀት ሆነዋል። ንጉሡ ቢመጣ «አንተ» ነው የሚለው። ዊክስቲድ ግን ሁሉንም ሰው፣ ሣር የሚያጭደውን ሳይቀር፣ «እርስዎ» ይላል።

«ሰው ‹እርስዎ› ሲለኝ እጄን ወደ ኪሴ ነው የምሰደው» ይላል ትሬቨር። «ቦርሳዬ መኖሩን ላረጋግጥ።»

ነገሩ የጀመረው በጥር ወር ነበር። ዊክስቲድ ከሚቀጥለው የውድድር ዘመን ጀምሮ ክለቡ ለተስፋ ቡድኑ ገንዘብ እንደማይከፍል አሳወቀ። ወይ ዋናው ቡድን ወይ ተስፋው፤ ሁለቱን መሸከም አልቻልኩም አለ። ያን ዕለት ዴኒስ ሰግደን የመልበሻ ክፍሉን በር በጫማዋ መታችው። ዴኒስ ተስፋ ቡድኑን አሥራ አንድ ዓመት አሠልጥናለች። ኑሮዋ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ነው። ሃያ ሁለት ልጆች አሏት፤ አሏት ስል የወለደቻቸው ያህል ማለቴ ነው። አንዱ ወንድሜ ጆስ ነው፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ።

«ገንዘብህን አልፈልገውም» አለችው ዊክስቲድን። «ሎተሪ እሸጣለሁ፣ መኪና አጥባለሁ፣ ልጆቹን ራሴ አመላልሳለሁ። ሜዳ ብቻ ተውልኝ።»

ልክ ነበረች። የራሱ ሜዳ የሌለው ቡድን በሊጉ አይመዘገብም። ካልተመዘገበ ደግሞ ትልልቆቹ ክለቦች ሦስት አራቱን ጎበዞች መርጠው ይወስዳሉ፣ የቀሩት ቅዳሜ ጠዋት ተኝተው ያረፍዳሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኳሷ ሞላላ መሆኗን የሚረሱ ይኖራሉ።

የታችኛው ሜዳ ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር ያለ፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ጭቃ የማይለየው ቦታ ነው። የክለቡ አይደለም፤ ዊክስቲድ ራሱ ከተዘጋው የሽመና ፋብሪካ በግሉ የገዛው ነው። ሲገዛው ቤት ሊሠራበት ነው አልን። ቤት አልሠራበትም። ያም አሳሰበን።

አሁን ደግሞ ስምንት መስመር ውል ልኮ፣ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ፈርማችሁ መልሱልኝ አለ። ለምን ዓርብ እንደሆነ አልጻፈም።

«እንኪ» አለኝ ትሬቨር ወረቀቱን ወደ እኔ ገፍቶ። «ዩኒቨርሲቲ ገብተሻል። ማክሰኞ እንገናኛለን፤ እስከዚያ መርዙን ፈልጊው።»

ያጠናሁት ታሪክ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ሥራዬ የከተማው ቤተ መዛግብት ውስጥ የሞቱ ሰዎችን ደብዳቤ በዓመተ ምሕረት መደርደር ነው። ይህን ግን አላልኩም። ሰው በተሰበሰበበት ስናገር አንገቴ ይቀላል፤ ሰዎች የማወራውን ትተው አንገቴን ነው የሚያዩት። ስለዚህ ወረቀቱን ተቀብዬ ቤት ወሰድኩ።

ሦስት ቀን አነበብኩት። በምሳ ሰዓት፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ወጥ ቤት ቆሜ አነበብኩት። ጆስ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ አብሮኝ አነበበ።

«ታዲያ የት አለ ተንኮሉ?» አለኝ።

«አላገኘሁትም።»

«ላይኖር ይችላል እኮ።»

«ይህን ትሬቨር ፊት እንዳትለው።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ፣ «ሮ» አለኝ፤ ሮዌና ብሎ የሚጠራኝ ሲቆጣ ብቻ ነው። «ሜዳው ከሌለ እኮ እኔን የሚወስደኝ የለም። ዲላን ይወሰዳል፣ መንታዎቹ ይወሰዳሉ። እኔ ቀርፋፋ ነኝ። ዴኒስ ናት የምታሰልፈኝ፣ አንድ ዓመት ጠብቁት ትላለች።»

ይህን ሲል ዳቦ እየቀባ ነበር። ቀና አላለም።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ተሰበሰብን። የኮሚቴው አባላት ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ነን፤ ጸሐፊ ግን በማኅበራችን ልማድ እጅ ይቆጥራል እንጂ እጅ አያነሣም።

«እሺ፣ ምን አገኘሽ?» አለ ትሬቨር።

«ምንም አላገኘሁም።»

«እስካሁን» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጋ ካላገኘችው» አለ ትሬቨር ራሱን እየነቀነቀ፣ «በደንብ ነው የቀበረው ማለት ነው።»

እንደዚያ ማለቴ አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። አንገቴ መሞቅ ጀመረ። ትሬቨር መነጽሩን አድርጎ ውሉን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። አንደኛው መስመር፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ስድስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው ቃል ጀመረው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

ወረቀቱ ላይ የሰፈረው፣ ሚስተር ዊክስቲድ ሊል እንደፈለገው፣ «ሜዳው ልጆች እስከተጫወቱበት ድረስ የማኅበሩ ይሆናል» ነው። ትሬቨር ያነበበው ግን «ሜዳው ልጆች እስኪጫወቱበት ድረስ የማኅበሩ ይሆናል» ብሎ ነው።

አልተሳሳተም። የተጻፈው ያው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ «ዋይል» ነው። የደቡብ ሰው ሲሰማው «እስከተጫወቱ» ነው፤ በእኛ ከተማ አፍ ግን ያ ቃል ሁልጊዜ «እስኪ» ነው፣ ሌላ ሆኖ አያውቅም። ልጅ ሳለሁ የመዋኛ ገንዳው ሲታደስ ከለንደን የመጣው ኃላፊ ይህንኑ ቃል ጽፎ በር ላይ ማስታወቂያ ሰቀለ፤ ጠባቂ እስከሌለ ድረስ ወደ ውኃው አትግቡ ሊል ፈልጎ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አርባ ልጆች ፎጣ ትከሻቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ጠባቂው ምን እየጠበቃችሁ ነው ሲላቸው፣ አንተ እስክትሄድ አሉት።

እኔ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ቆይቼ ጆሮዬ ስለተበላሸ ሦስት ቀን ሙሉ በደቡቡ አነጋገር ሳነበው ነበር።

«የመጀመሪያው ልጅ እግሩን ሲያሳርፍ» አለ ትሬቨር በዝግታ፣ «ሜዳው ተመልሶ የእሱ ይሆናል። በአንድ ፓውንድ ገዝተን፣ አጥሩን አስጠግነን፣ ሣሩን አስዘርተን፣ ግብሩን ከፍለን። ከዚያ ልጆቹ ይጫወታሉ፣ እሱም አመሰግናለሁ ብሎ ይወስዳል!»

ክፍሉ ተናጋ። አንዱ ጠበቃ እናቁም አለ። ሌላው ድሮም በማቀዝቀዣ የከበረ ሰው ልቡም ያው ነው አለ። ዴኒስ ብቻ እኔን ታየኝ ነበር።

«እሱ...» አልኩ።

«ጸጥ በሉ፣ ሮዌና ልትናገር ነው» አለች ዴኒስ። ባትለው ይሻለኝ ነበር። ሁሉም ዞሩ።

«እሱ እኮ የደቡብ ሰው ነው። በእሱ አነጋገር ቃሉ... ልጆች የሚጫወቱበት ጊዜ ሁሉ ማለት ነው።»

«ዳኛውስ የየት አገር ሰው ነው የሚሆነው?» አለ ትሬቨር።

ትሬቨር መነጽሩን አጥፎ ወደ እኔ ዞረ።

«ልጄ፣ እስቲ ስሚኝ። አንቺ መልካም ልጅ ነሽ። ነገ ሂጂና ቃሉን ቀይር በይው። ሐቀኛ ከሆነ ይቀይረዋል። ካልቀየረው አወቅነው ማለት ነው።»

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ቢሮው ከመልበሻ ክፍሉ በላይ ስለሆነ ደረጃው የማሻሻ ቅባት ይሸታል። ዊክስቲድ በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ቀጭን፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሁልጊዜ የበረደው የሚመስል ሰው ነው።

«ሚስ ግሌድሂል። ይግቡ፣ ይግቡ። ሻይ ይጠጣሉ?»

ሻዩን ሲቀዳ ዙሪያውን አየሁ። ግድግዳው ላይ ሥዕሎች የነበሩበት ቦታ አራት ማዕዘን እየሆነ ከሌላው ነጥቶ ይታያል። ጠረጴዛው ሥር ስድስት የካርቶን ሳጥኖች አሉ፤ ሁለቱ በፕላስተር ታሽገዋል። ሳያቸው አየኝ።

«ውሉን ይዘው መጡ?» አለ።

«አንድ ቃል አለ። አባላቱ አልወደዱትም።»

«የትኛው ቃል?»

አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ የትሬቨር ፊት ትናንት እንደተለወጠው ነበር።

«ምን ተብሎ እንዲቀየር ነው የሚፈልጉት?»

«‹ልጆች በሚጫወቱበት ዘመን ሁሉ› ተብሎ።»

«ይኼ እኮ ያው ነው።»

«አዎ።»

«ያው ከሆነ ለምን ይቀየራል?» ወረቀቱን አስቀመጠ። «ሚስ ግሌድሂል፣ በግልጽ ልጠይቅዎት። ሌላ ሰው አነጋግሯችኋል? ከዚህ ከተማ ያልሆነ ሰው፣ ጊዜ እንድታጓትቱ፣ ዓርብ እንዲያልፍ የጠየቃችሁ አለ?»

«የለም። ማን ነው የሚጠይቀን?»

እኔ እሱን፣ እሱ እኔን፣ ሁለታችንም የያዝነውን ሻይ ሳንጠጣ ተያየን። እሱ የመጣሁት ለሌላ ሰው ተልኬ መሰለው። እኔ ደግሞ ትሬቨር እንዳለው አወቅነው እንዴ ብዬ አሰብኩ። ነገሩ በዚያው ሊቀር ነበር። ግን ጆስ ዳቦ ሲቀባ ትዝ አለኝ፤ ስለዚህ የመዋኛ ገንዳውን ታሪክ ነገርኩት። አርባውን ልጆች፣ ፎጣውን፣ አንተ እስክትሄድ ያሉትን። አንገቴ እንደ ፍም ሆኖ ነበር።

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

«ሦስት ዓመት ኖሬ» አለ፣ «ይህን ማንም አልነገረኝም። ሦስት ዓመት ስናገር የሰማችሁት ምን ምን ይሆን?»

እስክሪብቶ አውጥቶ ቃሉን ሰረዘ፣ እኔ ያልኩትን በላዩ ጻፈ፣ ዳር ላይ ፈረመ። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ግን ቶሎ አለቀቀውም።

«ከዓርብ እኩለ ቀን በኋላ ሜዳው በእጄ አይሆንም።»

«በማን እጅ ይሆናል?»

«መናገር አልችልም። አልናገርም ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«ለምን ይሰጡናል?» ይህን እንዴት እንደጠየቅሁ አላውቅም።

ወደ መስኮቱ አየ፤ ከዚያ የታችኛው ሜዳ ይታያል። «እሑድ ዋናው ቡድን ሲጫወት ሰው የሚያየው ጨዋታውን ሳይሆን እኔን ነው። ቅዳሜ ልጆቹ ሲጫወቱ ግን ማንም አያየኝም። ጨዋታውን የወደድኩት እዚያ ታች ቆሜ ነው።» ከዚያ የተናገረው ያሳፈረው ይመስል ወደ ሳጥኖቹ ጠቆመ። «እነዚህን አላዩም። እሺ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ቃል አልገባሁም፤ ነቀነቅሁ ብቻ። ግን እሱ እንደ ቃል ተቀበለው፤ እኔም ደረጃውን ስወርድ እንደ ቃል ይዤው ወረድኩ።

ሐሙስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ትሬቨር ጎንበስ ብሎ ስረዛውን መረመረ።

«ቀየረው» አለች ዴኒስ። «በቃ! እንፈርም።»

«ቀየረው» አለ ትሬቨር። «ስንት ጊዜ ወሰደበት?»

«ወዲያው ነው የቀየረው» አልኩ።

«ወዲያው! ሰምታችኋል? ሳይከራከር?»

«ካልቀየረ አወቅነው ማለት ነው ብለህ አልነበር እንዴ?» አለች ዴኒስ።

«ብያለሁ። ግን እንዲህ በቀላሉ ይቀይረዋል አላልኩም። አንድ ሰው ቆፍሮ ያኖረውን ወጥመድ ስታሳዪው ሳቅ ብሎ ካነሣው፣ ሌላ ወጥመድ አለው ማለት ነው። አንዱን የሰጠን ሌላውን እንዳናይ ነው።»

«ትሬቨር፣ አንተ እኮ የልደት ኬክ ቢሰጡህ ሻማው ፈንጂ ነው የምትል ሰው ነህ።»

«ለዚያ ነው ሰባ አራት ልደት ያከበርኩት።»

ሳቁ። ዴኒስ አልሳቀችም። ተነሥታ ቆመች። «ስሙኝ፣ ሰውዬው ሌባ ሊሆን ይችላል፣ መልአክ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ምን አገባኝ? በሚያዝያ ወር ለሊጉ ቅጽ እሞላለሁ፤ ሜዳ የሚል ቦታ አለው። ምን ልጻፍበት? የባራክላፍን ጥርጣሬ ልጻፍበት?»

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አለ አንዱ።

ትሬቨር ወደ እኔ ዞረ። «ሮዌና፣ ቢሮው ገብተሻል። ምን አየሽ?»

ሁሉም አንገቴን አዩት።

አየሁ የምለው ነበረኝ። የነጡትን የግድግዳ ቦታዎች አይቻለሁ። ሰውዬው ክለቡን ሸጦ ሊሄድ ነው፤ ገዢው ሜዳውንም ይፈልጋል፤ ይህ ሰው ከመሄዱ በፊት ከገዢው እጅ ሊያወጣልን ነው ልል እችል ነበር። ግማሹን ራሴ የገመትኩት ነው፤ ግምቴ ግን ትክክል እንደሆነ አውቄ ነበር። ደግሞም ምስጢር ነው። ደግሞም ራሴን ነቅንቄለታለሁ። ደግሞም አሥር ሰው እያየኝ ነበር። የትኛው እንደከለከለኝ ዛሬም ቆርጬ መናገር አልችልም፤ ምስጢሩ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር።

«ሻይ ሰጠኝ» አልኩ።

«ሻይ ሰጣት» አለ ትሬቨር፣ ያ ብቻውን ማስረጃ የሆነ ይመስል።

እጅ ይነሣ ተባለ። ቆጠርኩ። ይፈረም ያሉ አራት፣ አይፈረም ያሉ ስድስት፤ ኖርማና በብስክሌት የሚመጣው ሰውዬም ከስድስቱ ነበሩ። ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት፤ የእጅ ጽሑፌ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነበር። ዴኒስ ኮቷን ሳትለብስ በክንዷ ይዛ ወጣች።

ዓርብ እኩለ ቀን ቤተ መዛግብቱ ውስጥ ነበርኩ። ሰዓቱን አላየሁም፤ የገበያው ደወል ግን ይሰማል።

ሰኞ ዜናው ወጣ። ክለቡ ስታዲየሞችና የገበያ ማዕከሎች ላሉት አንድ ድርጅት ተሸጧል፤ የታችኛው ሜዳም ከስታዲየሙ ጋር አብሮ ሄዷል። አዲሶቹ ሰዎች ተስፋ ቡድን አያስፈልገንም፣ የደረሰ ተጫዋች ከሌላ ክለብ እንዋሳለን አሉ። ሐሙስ በወንዙ በኩል አጥር መትከል ጀመሩ።

ትሬቨርን ሥጋ ቤት ወረፋ ላይ አገኘሁት። ዓይኑ ያበራ ነበር። «አላልኳችሁም? ሸጠን! ይህ ሁሉ ጊዜ ሊሸጠን ነበር እኮ። ያን ወረቀት ፈርመን ቢሆን ምን ይውጠን ነበር?»

«ሜዳው የእኛ ይሆን ነበር» አልኩ።

ድምፄ ዝቅ ያለ ስለነበር አልሰማኝም፤ ወይም ሰምቶ ለሌላ ጊዜ አስቀመጠው። ቀጥሎ ግን እንዲህ አለኝ፦ «አንቺ ግን እዚያ ላይ ብዙ ነው የቆየሽው አሉ። ለአንድ ቃል።»

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ» አለና ተራው ደርሶ ቋሊማውን አዘዘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ይከተለኝ ጀመር። መጠጥ ቤት ስገባ አንዱ ጠረጴዛ ድምፁን ይቀንሳል። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ቃለ ጉባኤውን «ለማየት ያህል» ተውሶ ሁለት ሳምንት አቆየው፤ ሲመልሰው ያ የሐሙሱ ገጽ ጠርዙ ታጥፎ ነበር። ጆስ አንድ ማታ፣ «ሰዎች ሰውዬው ሥራ ሰጥቷት ይሆናል ይላሉ» አለኝ። ቀልዱን መሆኑን አየሁ፤ ግን ከቀልዱ በኋላ መልሴን ጠበቀ። እሱ አሁን ከትምህርት ቤት በኋላ የጎማ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ይደረድራል። ዲላንንና መንታዎቹን ትልልቆቹ ወስደዋቸዋል።

ዴኒስ የልምምድ ዕቃዋን እስከ ወሩ መጨረሻ እንድታወጣ ተነገራት። ቅዳሜ ጠዋት ልረዳት ሄድኩ። ታችኛው ሜዳ ዳር ያለው የቆርቆሮ መጋዘን ተከፍቶ፣ ልጆቹ እየተንደረደሩ ትከሻቸውን የሚያሳርፉባቸው ትልልቅ ትራሶች ሣሩ ላይ ተደርድረው ነበር። ጭቃ የጠጡ አሮጌ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ብቻውን ማንሣት አይቻልም።

ሰላም አላለችኝም፤ ሂጂም አላለችኝም። አራቱን ተሸክመን መኪናው ውስጥ አስገባን። አምስተኛው ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «እኔ እንደነሱ ሥራ ሰጣት ምናምን አልልም። ግን ያን ቀን አንድ ነገር ልትዪ ፈልገሽ ነበር፣ አይቻለሁ። ምን ነበር?»

በሜዳው ማዶ አጥሩን የሚተክሉት ሰዎች ሬዲዮ ከፍተዋል።

«ሳጥኖች አይቼ ነበር» አልኩ። «ቢሮው ውስጥ። ሥዕሎቹን ከግድግዳ አውርዷል። ሊሄድ እንደሆነ አውቄያለሁ። ዓርብ የሽያጩ ቀን እንደሆነም ገምቻለሁ። እና አምኜዋለሁ። ከመጀመሪያው አምኜዋለሁ።»

«አይተሽ ነበር።»

«አይቼ ነበር።»

«ይህን ብትይ ኖሮ ቢያንስ ሁለት እጅ ይዞር ነበር። የኖርማ፣ የዚያ ባለ ብስክሌቱም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን አስዋጠሽ?»

«‹እነዚህን አላዩም› አለኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁለት። ከዚያ ደግሞ ሁላችሁም አያችሁኝ።»

ይህ ምክንያት አፌ ውስጥ ሳለ ትልቅ ነበር፤ ሲወጣ ግን እዚያ ጭቃ ላይ ወድቆ በጣም አነሰ። ዴኒስ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። ትሳደባለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አውቶቡስ ነጂ ናት፣ ስድብ አያንሳትም። ግን የሜዳውን መስመር፣ የኖራው ቀለም የለቀቀበትን፣ በጫማዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ለትሬቨር እንዳትነግሪው» አለች በመጨረሻ።

ያዘነችልኝ መሰለኝ። «ለምን?»

«ደስ ይለዋል» አለች። «ልክ ነበርኩ ይላል። ከመካከላችን አንድ ሰው ደብቆን ነበር ይላል። እናም አንድ ጊዜ እንኳ፣ ሮዌና፣ እውነት ይሆንለታል።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ የትራሱን አንድ ጫፍ ያዘች። እኔም በወዲያ በኩል ያዝኩ። ከባድ ነበር፤ እየጎተትነውም ቢሆን ወሰድነው።